አየሁ ያለ ሰው

ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀዳል፣ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

አዲሱን ዓመት በጤና ያስጀመረሽ አምላክ አንቺንም ልጅሽን እምነትንም ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ብቻ ጨርሶ ከድቶኛል። ስልክ ሲደወል ሌላ ሰው አንስቶ ጮክ ብሎ ይነግረኛል እንጂ ድምፅሽን ከሰማሁ ዓመት አለፈኝ። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እንነጋገር ብዬ ነው። አባቴና የእናትሽ አያት ወንድማማቾች ነበሩ። እኔ ግን ከዝምድናው ይልቅ በክፍል ውስጥ ነው የማውቅሽ። አራት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩሽ ተማሪዬ ነሽና ደብዳቤ መጻፍ አያቅትሽም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለከተማችን ቤተ መጻሕፍት ከውጭ መጻሕፍት መጥተው እያነበብኩ ነው። በአንዱ ውስጥ ከአንቺ ከተማ አጠገብ፣ ዴንቨር ላይ የሞተ ሻምበል አገኘሁ። ስሙ ሳይላስ ሶል ይባላል። በእነሱ አቆጣጠር በ1864 አዛዡ ወታደሮቹን ይዞ ሳንድ ክሪክ በሚባል ቦታ በሰፈሩ የቼየንና የአራፓሆ ሰዎች ላይ ዘመተ። ሰዎቹ ሰላም ነው ተብለው የአሜሪካን ባንዲራ ሰቅለው የተቀመጡ ነበሩ። አብዛኞቹም ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ነበሩ። ሌላው ሁሉ ሲተኩስ ይህ ሻምበል ወታደሮቹን ይዞ ቆመ፤ አልተኮሰም። በዚያ አላበቃም። ምርመራ ሲጀመር ቀርቦ ያየውን መሰከረ። ዴንቨር ዘማቾቹን በጭብጨባ የተቀበለች ከተማ ስለነበረች ብዙ ሰው ጠላው። ካገባ ሦስት ሳምንት እንደሞላው በመንገድ ላይ ተኩሰው ገደሉት። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነበር።

የወደቀበት ቦታ ምልክት አለው ወይ? ሰው ያውቀዋል ወይ? ገንዘብ እንዳትልኪ፤ ጡረታዬ ይበቃኛል። ይህን ብቻ አይተሽ ጻፊልኝ።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ተክለሚካኤል

ኦሮራ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ ተክለሚካኤል

ከእጅዎ የወጣ ጽሑፍ ሳይ አሁንም በቀይ እስክሪብቶ የሚያርሙኝ መሰለኝና ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን።

ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ እምነትን ይዤ ዳውንታውን ሄድኩ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። መኪናውን ሁለት መንገድ ወዲያ ፓርክ አድርገን በእግር ሄድን። የአሥራ አምስተኛውና የአራፓሆ መንገድ ማዕዘን ላይ፣ ከአንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ አለ። ስሙ ተጽፏል። የተገደለበት ቀንም ተጽፏል። ሰው ቡናውን ይዞ በስልኩ እያወራ ያልፈዋል። እኔም ጋሼ፣ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ አልፌ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም።

የገረመኝን ልንገርዎ። መንገዱ አራፓሆ ይባላል። እኔ የምኖርበት ወረዳ፣ እነሱ ካውንቲ የሚሉት፣ እሱም አራፓሆ ነው። በየወሩ በሚመጣልኝ ወረቀት ሁሉ ላይ ስማቸው አለ፤ የማን ስም እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

እምነት ስልኳን ስታይ ቆየችና «ሌላም አለ» ብላ ወደ ሳኩራ አደባባይ ወሰደችኝ። እዚያ የአንድ የኮሎራዶ ገዥ ሐውልት ቆሟል፤ ራልፍ ካር ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓኖች ሁሉ ጠላት ናቸው ተብለው ከቤታቸው ሲነቀሉ፣ ዜጎች ናቸውና ወደ እኛ ይምጡ ያለ ገዥ ነው። ሕዝቡ ሲቆጣ እነሱን ከመንካታችሁ በፊት እኔን ንኩ አላቸው ይባላል። በዚያው ዓመት ለሴኔት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ሐውልቱን ከብዙ ዓመት በኋላ ያቆሙለት ጃፓኖቹ ናቸው።

ሥራዬ ያው ሴንቴኒያል ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሠርካዲስን ያውቋታል፤ የጎረቤትዎ የጋሽ ሀብቱ ልጅ። የእኛ ሺፍት ኃላፊ ነርስ እሷ ናት። ወደዚህ ስመጣ ሰባት ወር ቤቷ ያስቀመጠችኝ፣ ሥራውንም ያስገባችኝ እሷ መሆኗን ለጋሽ ሀብቱ ይንገሩልኝ። ሐበሻ ሁሉ ይወዳታል።

አክባሪዎ ፀዳል

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀዳል

በረከት ከቤትሽ አይለይ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለሀብቱም አነበብኩለት፤ ስለ ልጁ የጻፍሽውን ድገምልኝ ብሎ አስደገመኝ። ጠዋት ጠዋት እጄን ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝ እሱ ነው፤ መኪና ከኋላ ሲመጣ አልሰማምና።

ስለ ሻምበሉ ብዙ አስባለሁ። አለመተኮሱን እረዳዋለሁ። ሰው ክፉ ነገር ሲያይ እጁ ሊታሰር ይችላል። የሚገርመኝ በኋላ ያደረገው ነው። ከወራት በኋላ፣ ደሙ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ዝም ማለት ሲችል ተነስቶ «አየሁ» አለ። ሦስት ፊደል ነው። ለመናገር ቀላል ይመስላል።

ሌላ የምጽፈው ነበረኝ፤ ይቆይ። ስለ ሥራሽ ጻፊልኝ።

ተክለሚካኤል

ኦሮራ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ተክለሚካኤል

የዛሬው ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ልቤ ግን እንደ ወትሮው ነው።

በመጀመሪያ ደስ የሚልዎትን ልጻፍ። የሳንድ ክሪክ እልቂት መቶ ሃምሳኛ ዓመት ነበር። የሞቱት ሰዎች ዘሮች ከዚያ ቦታ ተነስተው እስከ ዴንቨር መጡ፤ የስቴቱ ገዥም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። እምነት ከትምህርት ቤት ቀርታ ካልሄድኩ አለች። ፈቀድኩላት።

አሁን ስለ ሥራዬ። ሚስ ዶሪስ የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት ሴት ነበሩ። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሲነሱ ሁለት ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ቻርታቸው፣ የሕክምና መዝገባቸው፣ ላይ ተጽፏል። ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ሰው ጎድሎን ነበር። እኔ አንሶላ የተጫነበትን ጋሪ እየገፋሁ በኮሪደሩ ሳልፍ ሠርካዲስ የሚስ ዶሪስ በር ላይ ቆማለች። ውስጥ ያለችው ማያ የምትባል ኔፓላዊት ናት፤ ከተቀጠረች ሁለት ወር አልሞላትም።

ሠርካዲስ «ብቻሽን አንሺያቸው፤ ምሳ እያለፈ ነው» አለቻት።

ማያ «ሁለት ሰው ነው የሚለው» አለች።

«የምልሽን አድርጊ። ሁለተኛ ሰው ከየት አመጣልሽ?»

ከጋሪው እስከ በሩ አምስት እርምጃ አይሆንም። ገብቼ ላግዛት ስል የሌላ ክፍል ደወል ተደወለና ወደዚያ ሄድኩ። ስመለስ ሚስ ዶሪስ ወለል ላይ ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰበረ። በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል አረፉ።

ከሰዓት በኋላ ቻርቱን ለመሙላት ስከፍት ሠርካዲስ የጻፈችውን አየሁ። «እስክመጣ ጠብቂ ብያት ሳትጠብቅ አነሳቻቸው» ይላል። ማያ በማግስቱ ተባረረች። አሁን የሥራ ፈቃዷም ሊነጠቅ ነው፤ ከስቴት መርማሪ መጥቷል።

እዚያ የምንሠራ ሐበሾች አራት ነን። ሠርካዲስ በምሳ ሰዓት ሰብስባ አነጋገረችን። አልጮኸችም። «ማያ ወጣት ናት፤ ሌላ ሥራ አታጣም። እኔ የነርስነት ፈቃዴን ለማግኘት ስምንት ዓመት ሌሊት እየሠራሁ ቀን ተምሬያለሁ። አላየንም በሉ። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም» አለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ሌሎቹ እሺ አሏት። እኔ እሺ አላልኳትም።

ማታ ለእምነት ነገርኳት። የተናገረችው አንድ ጥያቄ ነው፤ በአማርኛ ነበር። «እማዬ፣ አይተሻል ወይስ አላየሽም?»

መርማሪው እኔን የሚያናግረው ጥር 28 ነው። የማደርገውን አውቄዋለሁ፤ ግን ከእርስዎ ቃል ሰምቼ ብሄድ እግሬ ይጠናልኛል። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ፀዳል

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለፀዳል

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ዘግይቻለሁ።

ሀብቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ መጥቶ ነበር። ልጁ ደውላ አልቅሳበታለች። ጮክ ብለው ሊነግሩኝ አልፈለጉም፤ ጎረቤት ይሰማል ብለው በወረቀት እየጻፉ አሳዩኝ። ያስጠለለችሽን ሴት አሳልፈሽ አትስጪ ይላሉ። እኔም እንዲህ እላለሁ። ሟቿ አርጅተው ነበር፤ አይመለሱም። ኔፓላዊቷ ወጣት ናት። የእኛ ሰው ግን እኛው ውስጥ ይኖራል፤ ነገ ሞት አለ፣ ለቅሶ አለ።

ቃልሽን ገና ካልሰጠሽ ተዪው። ሰጥተሽም ከሆነ ሩቅ ነበርኩ፣ በደንብ አልሰማሁም ብለሽ አስተካክዪው። እንደ አባት እጠይቅሻለሁ።

ተክለሚካኤል

ኦሮራ፣ መጋቢት 13 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ ተክለሚካኤል

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

ደብዳቤዎን የፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። ጽሑፉ የእርስዎ ነው፤ ቃሉን ግን የእርስዎ ነው ብሎ መቀበል አቃተኝ። ጋሼ፣ ይህን አንድ ጊዜ አልታዘዝዎትም። ይቅር ይበሉኝ።

ቃሌን ሰጥቻለሁ። መርማሪው ጸጥ ያለ ሰው ነው። ምን ያህል ርቀሽ ነበር አለኝ፤ አምስት እርምጃ አልኩት። በምን ቋንቋ ተነጋገሩ አለኝ፤ በእንግሊዝኛ አልኩት። ሠርካዲስ ምን ሆና ነው እንዲህ ያደረገችው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሰው ጎድሎባት ነበር፣ ኃላፊዎቹ እየጠየቀቻቸው አልላኩላትም፤ ክፉ ሰው አይደለችም አልኩት። ይህንንም ጻፈልኝ። ራሴን አልማርኩም። ገብቼ ማገዝ ስችል በደወል አመካኝቼ ሄድኩ ብዬ ነገርኩት። ወደ ኋላ አልልም። በሚያዝያ ደግሞ በፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ፊት እደግመዋለሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ስቀመጥ አጠገቤ የነበሩት ሁለት ሴቶች ሳህናቸውን ይዘው ተነሱ። የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ጳውሎስ ቤቴ መጡ። በትሕትና ነው የተናገሩት።

«ሠርካዲስ ስንቱን ሰው ሥራ አስገብታለች፣ ስንቱን ኤርፖርት ሄዳ ተቀብላለች» አሉኝ።

«እኔንም ተቀብላለች» አልኳቸው።

«ታዲያ ውለታ የት ሄደ?»

«ውለታዋን በሌላ ሰው ልጅ እንዴት ልክፈል፣ አቶ ጳውሎስ? ማያም እኮ እናት አላት። እዚሁ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ነው የሚኖሩት።»

ሲወጡ «ሰው እንደሚያኮርፍሽ ታውቂያለሽ አይደል?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው።

ሥራም ላይ ሰዓቴን ቀንሰውብኛል። አልደብቅዎትም፤ አንዳንድ ጠዋት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ለመግባት እዘገያለሁ። ግን አንድም ቀን ባልተናገርኩ ብዬ አላውቅም። ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሲያጠፋ ተማሪውን ሁሉ አስቁመው፣ የሠራው ሳይሆን ያየው ይናገር ይሉን ነበር። እኔ የተማርኩት ከእርስዎ ነው።

ከተቆጡኝ ተቆጥተው ይጻፉልኝ። ዝም ብቻ አይበሉኝ።

ፀዳል

ኦሮራ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ተክለሚካኤል

ክረምቱ እንዳይበርድብዎ እያሰብኩ፣ ከእርስዎ ምንም ሳይመጣ አራተኛ ወሩ ስለሆነ እንደገና ጻፍኩ። በሕይወት እንዳሉ ከሰው ጠይቄ ሰምቻለሁ።

ነገሩ አለቀ። ማያ ነጻ ወጣች። ሌላ ቦታ ተቀጥራለች፤ እናቷ በልጇ በኩል ሞሞ የሚሉትን ምግብ በትልቅ ዕቃ ላከችልኝ። ሠርካዲስ ፈቃዷ ለአንድ ዓመት ታግዷል፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ነርስ ቁጥጥር ሥር ሆና እንድትሠራ ተወስኗል። መጦሪያ ቤቱም ሠራተኛ ባለመጨመሩ ተቀጥቷል። እኔ ለቅቄአለሁ። አሁን ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር አንድ ሽማግሌ ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ሲነሱ እኔና ልጃቸው ሁለት ሆነን ነው የምናነሳቸው።

ሠርካዲስን ባለፈው ሳምንት የሐበሻ ሱቅ በር ላይ አገኘኋት። ልትሸሸኝ ትችል ነበር፤ አልሸሸችም።

«ጎድተሽኛል፣ ፀዳል» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ዝም ብል ማያን እጎዳ ነበር።»

«እኔ እህትሽ ነበርኩ።»

«አሁንም ነሽ። ስለዚህ ነው ከኋላሽ ሳይሆን በኮሚቴው ፊት፣ አንቺ እያየሽኝ የተናገርኩት።»

የያዘችው ጤፍ ሃያ አምስት ፓውንድ ነው፤ ወገቧን እንደሚያማት አውቃለሁ። ተቀብዬ መኪናዋ ውስጥ ጫንኩላት። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ግን አልከለከለችኝም። ቤተ ክርስቲያንም ከነዚያ ሁለት ሴቶች አንዷ ተመልሳ ሰላም ብላኛለች። ሌላዋ ገና ናት።

ጋሼ፣ አላኮረፍኩዎትም። ጋሽ ሀብቱ እጅዎን ይዘው እንደሚያደርሱዎ አውቃለሁ። ያንን ለማጣት መፍራትዎ ነው ብዬ ተረድቼዋለሁ። ከዚያ የበለጠ ነገር ካለ ግን እኔ የሚነገረኝ ሰው ነኝ።

ልጅዎ ፀዳል

ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 24 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀዳል

የእውነት አምላክ አንቺን እንዳጸና እኔንም አይተወኝ። ከዚያ የበለጠ ነገር አለ።

ሀይለማርያም የሚባል የሒሳብ መምህር ነበር። አንቺ አልደረስሽበትም። በ1971 ዓ.ም. ግንቦት፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ወጣ ተባለ። ያን ሳምንት ጠመኔ ለማምጣት ዕቃ ቤት ስገባ ርዕሰ መምህሩ የታሸገውን ፖስታ በምላጭ ሲከፍት አይቼዋለሁ። እሱም አይቶኛል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በሀይለማርያም እጅ ስለነበረ ጥፋቱ በሱ ላይ ወደቀ። ኮሚቴው ጠርቶ ጠየቀኝ። ሀይለማርያም ከጎኔ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ወደ ዕቃ ቤት መግባቴን ያውቃል። እኔ ያኔ ልጅ ተወልዶልኝ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ወደ ቆላ ሊያዛውረኝ እንደሚችልም አውቅ ነበር። «አላየሁም» አልኩ።

ተባረረ። ዳግመኛ ክፍል አልገባም። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፈ ኖሮ በ1994 ሞተ። ልጁን አጸደን ታስታውሻታለሽ፤ ከአንቺ አንድ ክፍል በታች ነበረች። ልጆች የፈተና ሌባ ልጅ እያሉ ሲጠሯት እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ ደብተር ይዤ አልፍ ነበር።

ስለዚያ ሻምበል እንድትጽፊልኝ የጠየቅኩት ለዕውቀት ብቻ አልነበረም። እኔ ያቃተኝን የቻለ ሰው በእርግጥ መኖሩን ማወቅ ፈልጌ ነው። አንቺ ልትመሰክሪ ነው ስትዪኝ ደግሞ ፈራሁ። አንቺ ከቻልሽ፣ አልተቻለም ነበር ብዬ ራሴን የማጽናናበት ነገር ያልቃል። ሀብቱን ምክንያት አደረግሁት እንጂ ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ለራሴ ነው። ይቅር በይኝ።

የሐምሌው ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሳምንቱ ወደ ሀይለማርያም ሚስት ወደ ዘርፈሽዋል ቤት ሄድኩ። ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ ሀብቱ አብሮኝ መሄድ ካቆመ ቆይቷል። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ደረስኩ። ደጅ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ምን እንደምትል አልሰማም፤ ፊቷን ብቻ ነው የማየው። ፊቷ አልተለወጠም። ስጨርስ ተነስታ ገባችና አጸደን ይዛ ወጣች። አጸደ ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችኝ። «እናቴ ከመጀመሪያው ጀምረህ ለእኔ ንገር ትልሃለች።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ለልጁ መንገር ለሚስቱ ከመንገር ይከብዳል። ምላጩ ላይ ስደርስ አጸደ እጇን አንስታ አስቆመችኝ። ዞር ብላ አለቀሰች። ከዚያ በእጇ ቀጥል አለችኝ።

ዘርፈሽዋል በአጸደ ወረቀት ጽፈህ ፈርምልኝ አለች። ጽፌ ፈረምኩ። ሦስት ቅጂ አደረግነው፤ አንዱ ለነሱ፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለሰበካው። ትምህርት ቤቱ መምህራኑ ለአዲሱ ዓመት ምዝገባ በተሰበሰቡበት ቀን አስነበበው። ያነበበችው አጸደ ናት። እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ከንፈሯን እያየሁ የቱ ጋ እንደደረሰች አውቅ ነበር። ስትጨርስ አንዳንዶቹ በጥላቻ አዩኝ፤ አንዱ ከሀይለማርያም በኋላ የተቀጠረ የድሮ ባልደረባዬ ሳይሰናበተኝ ወጣ። ይገባኛል። ግን ልጄ፣ ከዚያ ግቢ ስወጣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልሄድኩበትን አካሄድ ነው የሄድኩት። ቀና ብዬ።

ዘርፈሽዋል ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። ትናንት ግን አጸደ ወረቀት ላከችብኝ። ልጆቿ አያታቸው ሒሳብ ሲያስተምር ምን ይመስል እንደነበረ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ አብሮት የሠራ በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ወንበር አውጥተው ጠበቁኝ። ሀይለማርያም ክፍልፋይ ሲያስተምር ኪሱ ውስጥ ብርቱካን ይዞ ይገባ እንደነበረ፣ ሲጨርስም ለተማሪዎቹ ያከፋፍለው እንደነበረ ነገርኳቸው። አጸደ ይህን አታውቅም ነበር። ዘርፈሽዋል ታውቅ ነበር። ብርቱካኑን ጠዋት ጠዋት ኪሱ ውስጥ የምትከተው እሷ ነበረች።

ተክለሚካኤል